25 ወጣቶች፣ 500 ቆርኪ፦ የፖከር ጥሎ ማለፍ እንዴት ይሠራል?

ባለፈው እሑድ አራት ኪሎ፣ ከሚያዝያ 27 ሐውልት ብዙም በማይርቅ አንድ ካፌ የኋላ ክፍል ውስጥ 25 ወጣቶች ካርታ ሲጫወቱ ዋሉ። ገንዘብ አልተያዘበትም። እያንዳንዳቸው 20 የለስላሳ መጠጥ ቆርኪ ይዘው ተቀመጡ፤ ሲመሽ 500ውም ቆርኪ በአንድ ልጅ ፊት ተከምሮ ነበር። ልጁ የእህቴ ልጅ ነው። ዕድሜው 19፣ ገና የሁለተኛ ዓመት ተማሪ።

ማታ ቤት ስንገናኝ ሁለት ጥያቄ ጠበቀኝ። እሱ፣ «ጋሼ፣ ከ25 ሰው አንደኛ ወጣሁ ማለት ከሁሉም እበልጣለሁ ማለት አይደለም?» አለኝ። እናቱ ደግሞ ቡናውን እየቀዳች፣ «ለመሆኑ ይህ ነገር ዕድል ነው ወይስ ችሎታ? ዕድል ከሆነ ምኑ ያኮራል? ችሎታ ከሆነስ ልጄን ወዴት ሊወስደው ነው?» አለች። የሁለቱም ጥያቄ በቁም ነገር መመለስ ይገባዋል። መልሱ ያለው ልጁ በተጫወተበት የውድድር ቅርጽ ውስጥ ስለሆነ ከዚያው እንነሣ።

የውድድሩ ዓይነት ስሙ «ሹትአውት» ነው። እግር ኳስ ወዳድ የሆነ የአዲስ አበባ ልጅ ይህን ቃል ሲሰማ ቶሎ የሚታወሰው የመለያ ምት ነው። በፖከር ግን ትርጉሙ ሌላ ነው፤ በአማርኛ የሚቀርበው ቃል «ጥሎ ማለፍ» ይመስለኛል። ከዚህ በኋላ የምጠራው በዚሁ ስም ነው።

ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። ፖከር በ52 ካርታ ይካሄዳል፤ በብዛት የሚዘወተረው ዓይነቱ ቴክሳስ ሆልደም ይባላል። ካርታው ተበውዞ ለእያንዳንዱ ተጫዋች ሁለት ሁለት ይታደላል፤ እነዚህን የሚያያቸው ባለቤታቸው ብቻ ነው። ከዚያ በጠረጴዛው መሃል መጀመሪያ ሦስት፣ ቀጥሎ አንድ፣ በመጨረሻም አንድ ካርታ ይገለጣል። እነዚህ አምስቱ የሁሉም ናቸው። በእጁ ካሉት ሁለትና በመሃል ካሉት አምስት ካርታዎች የተሻለውን አምስት ያቀናጀ ያሸንፋል። በየመካከሉ መደብ አለ፦ አንዱ ቆርኪ ሲያወጣ ሌላው እኩሉን ያወጣል፣ ይጨምርበታል፣ ወይም ካርታውን ይጥላል። ሌሎቹ ሁሉ ከጣሉ የቀረው አንድ ሰው የያዘውን ማሳየት ሳይጠበቅበት የተመደበውን ይወስዳል። ፖከርን ከዕጣ የሚለየው ይህ ደንብ ነው። በዕጣ ውስጥ መጥፎ ቁጥር የደረሰው ሰው ምንም ማድረግ አይችልም፤ እዚህ ግን ደካማ ካርታ የያዘ ሰው ጊዜውን መርጦ በድፍረት በመግፋት ብርቱ ካርታ የያዘውን ሊያስጥለው ይችላል።

አንድ ነገር ልጨምር። ሁሉም ጥሩ ካርታ እስኪመጣለት ቢቀመጥ ጨዋታ አይኖርም። ስለዚህ በየዙሩ፣ ማለትም ካርታ በታደለ ቁጥር፣ ሁለት ተጫዋቾች በተራቸው ካርታቸውን ሳያዩ የግዴታ መደብ ያወጣሉ፤ መጠኑም በየተወሰነ ደቂቃ ያድጋል። ዝም ብሎ የሚጠብቅ ሰው ሳይሸነፍ ያልቅበታል።

አሁን ወደ ውድድሩ ቅርጽ። በተለመደው የፖከር ውድድር ሰዎች እየወደቁ ሲሄዱ ጠረጴዛዎች ይታጠፋሉ፤ የቀሩት ተጫዋቾች ክፍት ቦታ ለመሙላት ከአንዱ ጠረጴዛ ወደ ሌላው ይዛወራሉ። ስለዚህ አንዱ 90 ሌላው 7 ቆርኪ ይዘው ፊት ለፊት ሊቀመጡ ይችላሉ። በጥሎ ማለፍ ግን ማንም ከጠረጴዛው አይዛወርም። አምስት ሰው የተቀመጠበት ጠረጴዛ አንድ ሰው እስኪቀር ድረስ ይጫወታል፤ ያ አንድ ሰው ብቻ ወደ ቀጣዩ ጠረጴዛ ያልፋል። በእሑዱ ውድድር አምስት ጠረጴዛዎች ነበሩ፤ በየጠረጴዛው 100 ቆርኪ። አምስቱ አሸናፊዎች እያንዳንዳቸው 100፣ 100 ይዘው በመጨረሻው ጠረጴዛ ተገናኙ። በ20 ደቂቃ ጠራርጎ ያሸነፈውም ሁለት ሰዓት ተኩል ደክሞ ለጥቂት የተረፈውም እኩል ተነሡ።

ይህን ለእህቴ ያስረዳኋት በእግር ኳስ ነው። ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ በ1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ስታዲየም ሲካሄድ የተሳተፉት አራት ቡድኖች ብቻ ነበሩ። ኢትዮጵያ በግማሽ ፍጻሜው ቱኒዚያን 4 ለ 2 አሸነፈች፤ በፍጻሜውም ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 ረትታ ዋንጫውን አነሣች። በቱኒዚያ ላይ የተቆጠሩት አራት ግቦች ለፍጻሜው ስንቅ አልሆኑም፤ ያ ጨዋታ ከዜሮ ተጀመረ። ጥሎ ማለፍ ማለት ይህ ነው። አባታችን ያንን ፍጻሜ ሲተርኩ ያደግን ልጆች ስለሆንን እህቴ ነገሩ ወዲያው ገባት።

ከዚህ የሚቀጥለው ብዙዎችን የሚያሳስት ነገር ነው። ብዙ ሰው ጥሎ ማለፍ ከተለመደው ውድድር የሚከብድ ይመስለዋል፤ «አምስት ሰው አሸንፈህ እንደገና ሌላ አምስት?» ይላል። ሁሉም ተጫዋች እኩል ችሎታ ቢኖረው ግን የማሸነፍ ዕድሉ በሁለቱም ቅርጽ አንድ ነው። የመጀመሪያውን ጠረጴዛ የማሸነፍ ዕድል ከ5 አንድ ነው፣ ሁለተኛውንም ከ5 አንድ፤ ሲባዛ ከ25 አንድ። በተለመደው ውድድርም 25 እኩል ሰዎች ቢጫወቱ የእያንዳንዱ ዕድል ከ25 አንድ ነው። ትልልቆቹ የጥሎ ማለፍ ውድድሮችም ሒሳባቸው ይኸው ነው፦ 1,000 ሰው በ100 ጠረጴዛ፣ በየጠረጴዛው 10 ሰው፤ 100ው አሸናፊዎች በ10 ጠረጴዛ፤ አሥሩ በመጨረሻው ጠረጴዛ። ሦስት ጠረጴዛ በተከታታይ ማሸነፍ ማለት 10 በ10 በ10፣ ከሺህ አንድ።

ታዲያ ቅርጹ ምን ይለውጣል? የሚለውጠው መንገዱን ነው፤ ለእኔ ከሁሉም የሚያስደስተኝ ክፍል ይህ ስለሆነ ጥቂት ልቆይበት።

በተለመደው ውድድር ሽልማቱ በደረጃ የተከፋፈለ ነው፤ ሃያኛ የወጣውም ጥቂት ያገኛል፣ አሥረኛው ከዚያ የተሻለ፣ አንደኛው ብዙ። ስለዚህ መትረፍ ራሱ ዋጋ አለው። ጥቂት ቆርኪ የቀረው ሰው ሌሎች እስኪወድቁ አንገቱን ደፍቶ ቢቀመጥ ደረጃው ከፍ ይልለታል። በዚህ ምክንያት የሚጠፋ ቆርኪ ከሚገኝ ቆርኪ የበለጠ ያስከፍላል፤ ጥንቃቄ ዋጋ ያገኛል። በጥሎ ማለፍ የመጀመሪያ ጠረጴዛ ላይ ግን ሁለተኛ የወጣና መጀመሪያ የወደቀ ሰው ዕጣቸው አንድ ነው፦ ሁለቱም ወደ ቤት ይሄዳሉ። ስለዚህ መጠንቀቅ ብቻውን የሚያስገኘው ነገር የለም። ከ100 ቆርኪ 40ውን የያዘ እኩል ተጫዋች ጠረጴዛውን የማሸነፍ ዕድሉ ከመቶ 40 ነው፤ 80 የያዘ ከመቶ 80። ቆርኪው በእጥፍ ሲያድግ ዕድሉም በእጥፍ ያድጋል። ይህን የተረዳ ተጫዋች ሌሎች በሚፈሩበት ቦታ ይገፋል፤ ያልተረዳው ደግሞ በማይከፈልበት ትዕግሥት ይደክማል። የእህቴ ልጅ ይህን አስልቶ አልነበረም የተጫወተው፤ ሲነግረኝ ግን በትክክል እንዲህ ነው ያደረገው።

ሁለተኛው ለውጥ የሁለት ሰው ፍልሚያ ነው። እያንዳንዱ ጠረጴዛ አንድ ሰው እስኪቀር ስለሚጫወት የግድ ሁለት ሰው ፊት ለፊት የሚቀርበት ሰዓት ይመጣል። በተለመደው ውድድር ይህ የሚሆነው አንድ ጊዜ ብቻ፣ በመጨረሻው ላይ ነው። ሦስት ጠረጴዛ በሚታለፍበት ውድድር ግን አሸናፊው ሦስት ጊዜ አንድ ለአንድ ተጋጥሞ ማለፍ አለበት። አንድ ለአንድ ሲሆን ጨዋታው ይለወጣል። አሥር ሰው ሲኖር የሚጣሉ ካርታዎች ሁለት ሰው ሲቀር ጥሩ ካርታ ይሆናሉ፤ የግዴታ መደብ በየዙሩ ስለሚከፈል መጠበቅ አይቻልም፤ ከካርታው ይልቅ ሰውየው ይነበባል። አሥር ሰው በተቀመጠበት ጠረጴዛ ላይ በትዕግሥቱ የሚኖር ብርቱ ተጫዋች እዚህ ደረጃ ላይ ሲደርስ ግራ ሊጋባ ይችላል።

ወጣቶች በዚህ ቅርጽ የሚቀናቸው ለምን እንደሆነም ከዚህ ይታያል። ካርታ በሰው እጅ በሚታደልበት ጠረጴዛ በሰዓት 30 ገደማ ዙር ብቻ ይጫወታሉ። በኮምፒውተር ግን ማደሉ በቅጽበት ነው፤ አንድ ሰው በአንድ ጊዜ ብዙ ጠረጴዛ ከፍቶ ሊጫወትም ይችላል። ድሮ በዓመታት የሚገኝ ልምድ በወራት የሚገኝ ሆነ። በላስ ቬጋስ የሚካሄደው የዓለም የፖከር ተከታታይ ውድድር ታሪክ ይህን በግልጽ ያሳያል። ፊል ሄልሙዝ እ.ኤ.አ. በ1989 በ24 ዓመቱ ዋናውን ውድድር ሲያሸንፍ በዕድሜ ትንሹ ሻምፒዮን ሆነ፤ ያ ክብረ ወሰን 19 ዓመት ሳይደፈር ቆየ። ከዚያ በሁለት ተከታታይ ዓመታት ሁለት ጊዜ ተሰበረ፦ በ2008 የዴንማርኩ ፒተር ኢስትጌት በ22 ዓመቱ፣ በ2009 አሜሪካዊው ጆ ኬዳ በ21 ዓመቱ። ሁለቱም በኢንተርኔት ጨዋታ ያደጉ ነበሩ። ኖርዌያዊቷ አኔት ኦብሬስታድ ደግሞ በሴፕቴምበር 2007 ለንደን ላይ የአውሮፓውን ዋና ውድድር ያሸነፈችው 19 ዓመት ሊሞላት አንድ ቀን ሲቀራት ነው፤ ሽልማቱ አንድ ሚሊዮን ፓውንድ ነበር። በላስ ቬጋስ ለመቀመጥ 21 ዓመት መሙላት ግዴታ ስለሆነ እዚያ ብትሄድ በሩን አታልፍም ነበር፤ በለንደን ግን 18 በቂ ነው።

ኬዳን በተለይ ያነሣሁት የጥሎ ማለፍን ውድድርም ስላሸነፈ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 መግቢያው 3,000 ዶላር የነበረውን የጥሎ ማለፍ ውድድር አሸንፎ 226,218 ዶላር ወስዷል። ያኔ ወጣት የሚባልበት ዕድሜ አልፎ 30 ደርሶ ነበር።

ወደ እህቴ ልጅ ጥያቄ ልመለስ። ሲያሸንፍ ያለውን ሁሉ ገፍቶ የተጫወታቸውን ሦስት ወሳኝ ዙሮች ነገረኝ፤ በሦስቱም ቢሸነፍ የሚወጣ እሱ ነበር። በመጀመሪያው ሁለት ኤስ (ከንጉሥም የሚበልጠው ካርታ) ይዞ ሁለት ንጉሥ የያዘ ገጠመው፤ በእንዲህ ያለ ግጥሚያ ሁለት ኤስ የያዘው ከመቶ 82 ያህል ጊዜ ያሸንፋል። በሁለተኛው እሱ ኤስና ንጉሥ፣ ሌላው ኤስና ንግሥት፤ እዚህ የእሱ ድርሻ ከመቶ 74 ገደማ ነው። በመጨረሻው ጠረጴዛ ሁለት አሥር ይዞ ኤስና ንጉሥ የያዘን ረታ፤ ከመቶ 57 ያህል። በሦስቱም ላይ የተሻለውን ካርታ ይዞ ነበር የገፋው፤ ይህ ጥሩ ፍርድ ነው፤ ሊመሰገን ይገባዋል። ነገር ግን ሦስቱን ቁጥሮች አብረን አባዛናቸው። የሚወጣው ከመቶ 35 ገደማ ነው። ሁሉን ነገር በትክክል እየሠራ፣ በሦስቱም የተሻለውን ይዞ፣ ያንኑ ቀን እንደገና ቢኖር ከሦስት ሁለት ጊዜ ያህል ሳያሸንፍ ይመለሳል።

ፊቱ ሲለወጥ አየሁ። እኔ ደግሞ ላሳንሰው አልፈለግሁም። ስለዚህ ችሎታ የሚያደርገውን ሌላውን ሒሳብ ጻፍንበት። መካከለኛ ተጫዋች አምስት ሰው ያለበትን ጠረጴዛ ከመቶ 20 ጊዜ ያሸንፋል። እሱ የተሻለ ነው እንበልና 30 ጊዜ ያሸንፍ። በአንድ ጠረጴዛ ብልጫው አንድ ተኩል እጥፍ ነው። በሁለት ጠረጴዛ ግን 30 በመቶው በ30 በመቶ ሲባዛ 9 በመቶ ይሆናል፤ የመካከለኛው 4 በመቶ ነው። ብልጫው ከሁለት እጥፍ በላይ ሆነ። በሺህ ሰው ውድድር፣ በየጠረጴዛው ከመቶ 10 ፋንታ 15 የሚያሸንፍ ሰው ሦስቱን የማለፍ ዕድሉ ከ296 አንድ ይሆናል፤ የሌላው ከ1,000 አንድ ነው። ችሎታ በየጠረጴዛው ይባዛል። ያም ሆኖ ከሌሎቹ በብዙ የሚበልጠው ሰው ከ296 ጊዜ 295ቱን ይሸነፋል። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ አንዱን ይዞ ሌላውን መጣል ግን ያሳስታል።

ታዲያ ልጁ ይበልጣል ወይስ አይበልጥም? ከአንድ እሑድ ማወቅ አይቻልም። 25ቱ ዓይናቸውን ጨፍነው ቢጫወቱ እንኳን ከመካከላቸው አንዱ የግድ አሸናፊ ይሆን ነበር። ተመሳሳይ ውድድር 50 ጊዜ ቢደገም መካከለኛ ተጫዋች በአማካይ ሁለት ጊዜ ያሸንፋል፤ በየጠረጴዛው ከመቶ 30 የሚያሸንፈው አራት ወይም አምስት ጊዜ። ነገር ግን መካከለኛው ተጫዋች በዕድል ብቻ አራትና ከዚያ በላይ ጊዜ የሚያሸንፍበት አጋጣሚም አለ፤ ከሰባት አንድ ያህል ነው። በየሳምንቱ እየተጫወቱ አንድ ዓመት ከደከሙ በኋላ እንኳን ዕድለኛውን ከብልሁ በእርግጠኝነት መለየት ያስቸግራል ማለት ነው። የአንድ ቀን ፎቶግራፍ አይቶ «ይህ ልጅ ሊቅ ነው» የሚል ሰው ከቁጥሩ በላይ እየተናገረ ነው።

የእህቴ ጥያቄ ግን ከዚህ ይከብዳል፤ የእሷ ስጋት ገንዘብ ነው። በከተማችን የስፖርት ውርርድ የስንቱን ተማሪ የቤት ኪራይ እንደበላ ያየች እናት ናት። ስለዚህ ከቆርኪ ወደ ብር ሲኬድ ምን እንደሚሆን በዕቁብ አስረዳኋት። ዕቁብ ውስጥ መቶ ሰው ሺህ ሺህ ብር ቢጥል 100,000 ብር ይሰበሰባል፤ ዛሬ ያልደረሰው ነገ ይደርሰዋል፤ ዙሩ ሲያልቅ ሁሉም የጣለውን አግኝቷል። በገንዘብ በሚካሄድ ውድድርም መቶ ሰው ሺህ ሺህ ይጥላል። አዘጋጁ ለምሳሌ አሥር በመቶ ቢወስድ ለሽልማት የሚቀረው 90,000 ነው። መቶዎቹ ተጫዋቾች አንድ ላይ ተቀምጠው ገና ካርታ ሳይበወዝ 10,000 ብር ከስረዋል። በአሥር ሰው ጠረጴዛ ጥሎ ማለፍ ከሆነ ደግሞ የመጀመሪያውን ጠረጴዛ ያሸነፉት አሥሩ ብቻ ገንዘብ ያያሉ፤ ዘጠናው ባዶ እጃቸውን ይወጣሉ፤ «ነገ ይደርስሃል» የሚላቸው ዳኛ የለም። ለማትረፍ ከሌሎቹ መብለጥ አይበቃም፤ የአዘጋጁን ድርሻ ሸፍኖ በሚተርፍ ልክ መብለጥ ያስፈልጋል።

ትልልቅ ቁጥሮችም እንደሚነበቡት አይደሉም። ኬዳ በ2009 ያሸነፈው 8,547,042 ዶላር ነበር። ወጪውን ከሸፈኑለት ሰዎች ጋር በገባው ስምምነት መሠረት ግማሹ የእነሱ ነበር። በሙያው የሚኖሩ ብዙ ተጫዋቾች እንዲህ ነው የሚሠሩት፤ ረጅሙን የሽንፈት ወራት ብቻቸውን መሸከም ስለማይችሉ ድርሻቸውን አስቀድመው ይሸጣሉ። ቼኩን ይዞ የሚስቀው ልጅ ፎቶግራፍ ላይ ይህ ሁሉ አይታይም፤ በዚያው ዓመት ከእሱ ጋር የተቀመጡት የቀሩት ከ6,400 በላይ ተጫዋቾችም አይታዩም።

«በቆርኪ ይቀጥል፤ በብር ግን አይሁን» አልኳት። ይህ የእኔ ፍርድ ነው፤ ልጁም ፊት ለፊቱ ነው ያልኩት። ጨዋታው የሚያስተምረው ነገር አለ፦ ውሳኔንና ውጤትን ለይቶ ማየት፣ በትክክል ሠርቶ መሸነፍን መቀበል፣ ቁጥር ማክበር። ይህን ሁሉ 20 ቆርኪ ያስተምራል።

በሳምንቱ፣ ቅዳሜ ማታ፣ ልጁ አንድ ወረቀት ይዞ መጣ። በማግስቱ የሚመጡት 30 ናቸው፤ በስድስት ጠረጴዛ ይቀመጣሉ፣ በመጨረሻው ጠረጴዛም ስድስት ይሆናሉ። ስማቸውን ዘርዝሮ ከራሱ ስም አጠገብ «ከ30 አንድ» ብሎ ጽፏል። እናቱ ወረቀቱን ተቀብላ ከላይ እስከ ታች አየችውና በመጀመሪያው ሳምንት በጠረጴዛው ላይ እስከ መጨረሻ የታገለችውን፣ በአንድ ወቅት ከ100ው ቆርኪ 72ቱን ይዛ የነበረችውን ልጅ ስም ፈለገች።

«የእሷስ?» አለችው።

«የእሷም ከ30 አንድ» አላት።